የኪቦርዴ እግር ተሰብሮ እጄን አሳረፈው

ስራዬ የተቀረጸ ድምፅ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት እጽፋለሁ። በፊደላችን የሚጽፍ ሰው ያውቀዋል፤ አንዷን ፊደል ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጣቶቼ አያርፉም።

ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ እጄ አንጓ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። መጀመሪያ ቁብ አልሰጠሁትም። ጠዋት ስነሳ ይተወኛል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ቆይቶ ግራውም ተከተለ። እጄን በሙቅ ውሃ ነከርኩ፣ አሸሁ፣ በፋሻ አሰርኩ። ፋሻውን እንዳሰርኩ ስጽፍ ጭራሽ ባሰብኝ። አንድም ቀን ግን ጥፋቱ ከኪቦርዱ አቀማመጥ ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ኪቦርድ ያው ኪቦርድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከስሩ ያሉትን ሁለት እግሮች ትዘረጋለህ፣ ትጽፋለህ። እኔም እግሮቹ ስላሉ ብቻ ዘርግቻቸው ነበር።

አንድ ቀን ኪቦርዱን አገላብጬ አቧራውን ሳራግፍ የግራ እግሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስራ ስለተጣደፈብኝ ወረቀት አጣጥፌ ስሩ ሸጎጥኩና ቀጠልኩ። በማግስቱ ወረቀቱ ተጨፍልቆ ኪቦርዱ ይንገዳገዳል። ሌላ ወረቀት ጨመርኩ። እሱም ተጨፈለቀ። በአራተኛው ቀን ተናድጄ የቀረውን እግር አጠፍኩትና ኪቦርዱን ዝም ብዬ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማታ የሚጠዘጥዘኝ ነገር ቀለል ብሏል። ስራው አልቀነሰም፤ የተቀየረ ነገር ቢኖር እግሩ ብቻ ነው።

ነገሩ ገርሞኝ ስልኬን ከጎኔ መጻሕፍት ላይ አስደግፌ ስጽፍ ራሴን በቪዲዮ ቀረጽኩ። ይህን ማንም ቢያደርገው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሰው የገዛ እጁን ከላይ እንጂ ከጎን አያየውም። እግሮቹን የሆነ ነገር አስደግፌ እንደ ድሮው ከፍ ሳደርግ እጄ ከአንጓው ላይ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ይታያል። ግድግዳ ሊገፋ እንደተዘረጋ እጅ ማለት ነው፣ መጠኑ አነስ ቢልም። ኪቦርዱን ሳጋድመው መቀልበሱ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም።

ይህ መቀልበስ ለምን እንደሚጎዳ በኋላ ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አስረዳችኝ። በአንጓችን በመዳፍ በኩል ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚያች መተላለፊያ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። እጅ ወደ ኋላም ሆነ ወደ ፊት ሲታጠፍ በውስጧ ያለው ግፊት ይጨምራል። እጅ ከክንድ ጋር ቀጥ ሲል ግፊቱ ይቀንሳል። ነርቩ ለአውራ ጣት፣ ለአመልካች ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጠው ነው። እነዚህ ጣቶች ሲደነዝዙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ቦታ ነው። ትንሿ ጣት ብቻዋን ከደነዘዘች ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእሷ ነርቭ በክርን በኩል ስለሚያልፍ፣ ክርንን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተደግፎ መዋልም ሊያመጣው ይችላል።

ታዲያ እነዚያ እግሮች ለምን ተሰሩ? የድሮዎቹ የጽሕፈት መኪናዎች ቁልፎች እንደ ደረጃ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ እያሉ የተደረደሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ የቀረበው የሾልስና ግሊደን መኪናም እንዲሁ ነበር። የኮምፒውተር ኪቦርድም ያንን ቅርጽ ወረሰ። እግሩ ሲነሳ ደግሞ የሩቆቹ ቁልፎች ወደ ዓይን ስለሚዞሩ ፊደሉን እያየ ለሚጽፍ ሰው ይመቻል። ሳያይ ለሚጽፍ ሰው ግን ያ ጥቅም የለም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው እንዳይምታታ ስም ላውጣ። ስፔስ ባር ያለበትን፣ ወደ እኛ የሚዞረውን ጠርዝ "የቅርቡ"፣ የቁጥሮቹን ረድፍ ጠርዝ "የሩቁ" እላለሁ።

ኪቦርዱን ማጋደም ካሻለኝ፣ የቅርቡን ጠርዝ ከፍ ባደርገውስ? ቁልቁል ከእኔ እንዲሸሽ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ በላጲስ ነበር። ሁለት ነጫጭ ላጲሶች በግራና በቀኝ ከቅርቡ ጠርዝ ስር አስገባሁ። እጄ ወዲያው ቀና አለ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መሃል ላይ ያሉትን ቁልፎች ስመታ ኪቦርዱ እንደ ድልድይ ወደ ታች ይረግባል። የላጲሱ ብጥቅጣቂም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ከሁሉም የከፋው ግን ከሳምንታት በኋላ የመጣው ነው። ላጲሶቹን ላነሳ ስል አልነሳ አሉ። ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቀው፣ ስነቅላቸው የኪቦርዱ ሆድ ላይ ቀልጦ የደረቀ የሚመስል ሁለት ሻካራ ማኅተም ትተው ወጡ። ነጩ ላጲስ ብዙ ጊዜ የሚሰራው ከፒቪሲ ነው። እሱን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ሌላ ፕላስቲክ ይሰርጋል፤ አንዳንድ የጠረጴዛ ቫርኒሽም ያበላሻል። ስለዚህ ላጲስን ለአንድ ቀን ሙከራ እንጂ ለዘለቄታው አታስቀምጡት።

የጠርሙስ ክዳንም ሞከርኩ። ክዳን ጠንካራ ነው፤ አይጨፈለቅም። ግን ይንሸራተታል፣ በየምቱም ቀጭ ቀጭ ይላል። ድምፅ እየሰማ ለሚሰራ ሰው ይህ አይቻልም። ካርቶን ቆርጬ ደራረብኩ፤ ከወረቀት ይሻላል፣ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱም ይሟሽሻል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የቆረጥኩት የሶል ቁራጭ ጥሩ ነበር፤ አይንሸራተትም፣ ድምፅም ይውጣል። ችግሩ ለስላሳ መሆኑ ነው። ቁልፍ ሲመታ ይሰምጥና ተመልሶ ይነሳል፤ ጣት ይህን ቶሎ ያውቀዋል። በር እንዳይዘጋ የሚሸጎጠው የጎማ ሽብልቅ ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል። ጠለቅ ስታደርጉት ከፍ፣ ሳብ ስታደርጉት ዝቅ ስለሚል፣ የሚስማማችሁን ከፍታ ለመፈለግ የሚያህለው የለም። ሁለት ካላችሁ ፍለጋችሁን በሱ ጀምሩ።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ያልተቀረጹ እርሳሶች ነበሩ፣ ባለ ስድስት ጎን። እንዲህ ያለው እርሳስ ውፍረቱ ወደ 7 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከ17 እስከ 19 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሜ ከቅርቡ ጠርዝ ስር ዘረጋኋቸው። ስድስት ጎን ስላላቸው አይንከባለሉም። የኪቦርዱን ርዝመት ከሞላ ጎደል ስለሚሸፍኑ መሃሉ አይረግብም። እንጨት ስለሆኑ አይጨፈለቁም። በስስ ፕላስተር ሆዱ ላይ ለጠፍኳቸውና ያን ቀን ሙሉ ጻፍኩ። ማታ እጄን ረስቼው እንደነበር ያስታወስኩት ስተኛ ነው።

ስለ መጠኑ ትንሽ ልበል፤ ሰው እዚህ ላይ ይበዛበታል። ኪቦርዴ ከቅርቡ እስከ ሩቁ ጠርዝ 14 ሴንቲሜትር ነው። በዚህ ስፋት 1 ሴንቲሜትር ማንሳት ወደ 4 ዲግሪ ያዘነብላል። እርሳሱ የሚሰጠው 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። እኔም ትንሽ መስሎኝ ሁለት እርሳስ ጎን ለጎን፣ አንዱን በላያቸው አድርጌ በሦስት ከመርኩ። ከፍታው ወደ 13 ሚሊሜትር፣ ዝንባሌው ከ5 ዲግሪ ትንሽ በለጥ አለ። እሱም ተስማማኝ። ከዚያ ስግብግብ ብዬ 3 ሴንቲሜትር ሳደርሰው ግን የቁጥሮቹ ረድፍ ራቀኝ፤ ወደዚያ ለመድረስ እጄ አሁን ወደ ታች መታጠፍ ጀመረ። ወደ ታች መታጠፍም መታጠፍ ነው። ከዚህ በኋላ በ5 ሚሊሜትር፣ በ5 ሚሊሜትር እየጨመራችሁ ብትሄዱና በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ብትቆዩ ይሻላል። ዲግሪውን ለማወቅ ስልክ ላይ የሚጫን የውሃ ልክ መተግበሪያ በቂ ነው፤ ስልኩን ቁልፎቹ ላይ አጋድሞ ማንበብ ነው።

ልክ የሆነው የቱ ነው? ለዚህ አንድ ማስመሪያ ይበቃል። እንደ ወትሯችሁ ተቀመጡ። ትከሻችሁን ልቀቁት። አመልካች ጣቶቻችሁን ትንንሽ ጉብታ ያላቸው ሁለት ቁልፎች፣ ኤፍና ጄ ላይ አሳርፉ። ከዚያ ሌላ ሰው ባለ 30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ ከክንዳችሁ ጀርባ እስከ እጃችሁ ጀርባ ያጋድም። አንጓው ላይ ከማስመሪያው ስር ሰፊ ክፍተት ከታየ እጃችሁ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ማስመሪያው አንጓው ላይ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ከተንጠለጠለ ወደ ታች ታጥፏል። ተደላድሎ ከተኛ ያ ነው ቦታው።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ለሰው ሁሉ "እርሳስ አስገቡበት" እል ነበር። ታናሽ ወንድሜም የእጅ ሕመም ስለነበረበት ነገርኩት። ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ።

"ያልሽኝን አደረግኩ" አለኝ፣ "እጄ ግን ባሰበት።"

ደንግጬ በዚያው ሳምንት ሄድኩና ሲጽፍ ከጎን አየሁት። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍ አይልም። ጠረጴዛው ረጅም ነው። ክንዱ ከክርኑ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ኪቦርዱ ይወጣል። እኔ ግን ወንበሬን ከፍ አድርጌ ነው የምቀመጠው፤ ክንዴ ወይ ይጋደማል ወይ ትንሽ ቁልቁል ይወርዳል። እሱ ኪቦርዱን ቁልቁል ሲያዘነብለው ሽቅብ የሚወጣው ክንዱና ቁልቁል የሚወርደው እጁ ጎረባጣ ሰሩ። እርሳሶቹን አወጣንና የሩቁን ጠርዝ እግሮች ዘረጋንለት። ማስመሪያውን ስናጋድም ልክ ተኛ።

እስካሁን በዚህ ጉዳይ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ኪቦርዱ የክንድን መስመር ይከተላል። ክንድ ሽቅብ ከወጣ ኪቦርዱም ሽቅብ፣ ክንድ ከተጋደመ ኪቦርዱም ይጋደም፣ ክንድ ቁልቁል ከወረደ ኪቦርዱም ቁልቁል። ለዚህ ነው ቆመው የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቁልቁሉን የሚወዱት። ግን ለወንድሜ ያደረግነው ጊዜያዊ ነበር። ክንድ ሽቅብ ወጥቶ ሲውል ትከሻም አብሮ ይነሳል፣ አንገትም ይያዛል። በኋላ ወንበሩ ላይ ጠንካራ ትራስ አድርጎ ራሱን ከፍ አደረገ። እግሩ ከወለሉ ሲርቅበት ደግሞ ከስር ወፍራም መጻሕፍት ደረደረ። ከዚያ በኋላ እግሮቹን አጥፎ ኪቦርዱን አጋደመው። የወንበሩ ከፍታ ሳይስተካከል ስለ ዝንባሌ መጨነቅ ልፋት ነው።

ከፍታን በተመለከተ እኔም የሰራሁት ስህተት አለ። ቀጭን ቦክስ ፋይል ባዶውን አጋድሜ ኪቦርዱን በላዩ አስቀመጥኩ። ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ቀጭን ስለሆነ ራሱን የቻለ ሽብልቅ ነው። ወፍራሙን ወደ እኔ ሳዞረው ዝንባሌው አማረ። ግን ኪቦርዱ በአጠቃላይ ከጠረጴዛው ላይ ብዙ ሴንቲሜትር ተነሳ፤ ትከሻዬም አብሮት ተነሳ። ጠረጴዛቸው ዝቅ ላለባቸው ይሆናል። ለእኔ አልሆነም።

መንሸራተትን አቅልላችሁ አትዩት። የቅርቡ ጠርዝ ሲነሳ፣ ከስሩ የነበሩት የጎማ ነጠብጣቦች ጠረጴዛውን መንካት ያቆማሉ። ያኔ ኪቦርዱ በየምቱ ወደ ፊት ሸርተት ይላል። እናንተም ሳታውቁት በጣታችሁ ትጎትቱታላችሁ፤ ያ ራሱ ጅማት ያደክማል። እኔ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ፣ ከውስጠኛው ማለቴ ነው፣ የእርሳሱን ስፋት የሚያህል ረጅም ቀጭን ቁራጭ ቆርጬ ከእርሳሶቹ ሆድ ላይ በማስቲሽ ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም። ማስቲሹ በደንብ ሳይደርቅ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት።

መዳፍን ስለማሳረፍም ላንሳ። የቅርቡ ጠርዝ ከፍ ሲል መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ያጣ ይመስላል። ብዙ ሰው ፎጣ ጠቅልሎ ከፊቱ ያደርጋል። እኔም አድርጌያለሁ። ፎጣው ጥሩ የሚሆነው ቆም ስትሉ እጃችሁን ካሳረፋችሁበት ነው። እየጻፋችሁ አንጓውን እዚያው ከተጫናችሁት ግን ያችኑ ጠባብ መተላለፊያ ከውጭ መጫን ነው። ማረፍ ካለበት የመዳፉ ወፍራም ስጋ ይረፍ፣ አንጓው አይሁን። ስትጽፉ እጃችሁ ተንሳፍፎ ከክንዳችሁ ጋር ቢንቀሳቀስ ይሻላል።

ጠረጴዛቸው ከልክ በላይ ረጅም ለሆነባቸው፣ ወንበርም ከፍ ማድረግ ለማይችሉ ሌላ መንገድ አለ። ኪቦርዱን ጭን ላይ ማድረግ። ለስላሳ የተላገ ጣውላ ጭን ላይ ታደርጉና ኪቦርዱን በላዩ ታስቀምጣላችሁ። ጉልበት ከዳሌ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስትቀመጡ ጭን ራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ዝንባሌው ያለ ምንም ሽብልቅ ይመጣል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ሳርም ብዙ ጊዜ እንዲህ እሰራለሁ።

ላፕቶፕ ግን ያስቸግራል። የቅርቡን ጠርዝ ከፍ ስታደርጉ ስክሪኑም አብሮ ወደ ኋላ ይዞራል። ደግሞም ብዙዎቹ አየር የሚስቡት ከሆዳቸው ስለሆነ፣ ያንን ቀዳዳ በሸጎጣችሁት ነገር እንዳትዘጉት። ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ አስቀምጣችሁ ስክሪኑን ወደ ዓይናችሁ ከፍታ አምጡ፤ ለመጻፍ ሌላ ኪቦርድ ሰኩበት። ርካሹም ይበቃል።

የአንዳንዶች ችግር ደግሞ መቀልበሱ ላይ ሳይሆን መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች መዞሩ ላይ ነው። ክንድ ተጠምዝዞ ይውላል። ለእነሱ መፍትሔው መሃሉን እንደ ድንኳን ከፍ ማድረግ ነው፤ ለሁለት የተከፈሉ ኪቦርዶች የሚሰሩትም ለዚህ ነው። እኔ በሁለት አሮጌ ኪቦርዶች አስመሰልኩት። ሁለቱንም አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ፣ ግራ እጄን በአንዱ፣ ቀኝ እጄን በሌላው። ዊንዶውስ ሁለቱንም እንደ አንድ ይቀበላል። ማክ ላይ ግን የአንዱን ሺፍት ይዞ የሌላውን ፊደል መምታት እንዲሁ አይሰራም። ስሜቱ ደስ ይላል፤ ጠረጴዛው ግን አይበቃም፣ እጆችም ከልክ በላይ ይራራቃሉ። ከአምስት ቀን በኋላ ተውኩት። እውነተኛውን ከመግዛታችሁ በፊት ይስማማችሁ እንደሆነ ለማየት ግን ሞክሩት።

ምንም ብትቀይሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስትጽፉ ትሳሳታላችሁ። እኔ የቁጥሮቹን ረድፍ እስክለምድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። እጃችሁ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ድንዛዜ ካለው፣ ወይ ዕቃ ከእጃችሁ እየወደቀ ካስቸገራችሁ ግን በእርሳስና በጎማ ጊዜ አታጥፉ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ የአውራ ጣት ስር ጡንቻ መሳሳት ይጀምራል፤ እሱን መመለስ ከባድ ነው።

አሁን ቤት ውስጥ በእርሳሶቹ ፋንታ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን እንጨት ኪቦርዱን በሙሉ ርዝመቱ ይደግፈዋል። ከስሩ ያው የብስክሌት ጎማ አለ። ወደ 5 ዲግሪ ይሰጠኛል። እርሳሶቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፤ ከቤት ውጭ ስሰራ አወጣቸዋለሁ። ማስታወሻ ልጽፍ ብዬ እንኳ አልቀርጻቸውም፤ አንዱ ካጠረ ኪቦርዱን የሚደግፈው ርዝመት ይጎድላል።